ከተማው ለማን አደረ፣ ገደሉስ? ጎንደርና አርማጭሆ በአምስቱ የጣሊያን ዓመታት

በጎንደር ስለ አምስቱ የጣሊያን ዓመታት የሚነገረው ታሪክ ሁለት መልክ አለው። በአርማጭሆ፣ በጠገዴ፣ በወልቃይትና በቋራ የሚሰማው የዱር ታሪክ ነው፤ ምንሽር፣ ደፈጣ፣ ቀረርቶ፣ ከአሞራው ውብነህ ጋር የዋለ አያት። በከተማው የሚሰማው ደግሞ የድንጋይና የሲሚንቶ ታሪክ ነው፤ ፒያሳ፣ ሲኒማ፣ ፖስታ ቤት፣ የሊማሊሞ መንገድ። ሁለቱም የተፈጸሙት በአንድ ዘመንና በአንድ አገር ነው። ከጎንደር ተነስቶ በሳንጃ አድርጎ ወደ ሁመራ የሚወርድ መንገደኛ ትክል ድንጋይን ያገኛል፤ ዛሬ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ደጋው እያለቀ ምድሩ ወደ ታች አርማጭሆ፣ ወደ አንገረብ ቆላና ወደ ሱዳን ወሰን ይወርዳል። የሮም ሥልጣንም እየሳሳ የሚሄደው ከዚሁ ቁልቁለት ጋር ነበር።

ይህ ዳሰሳ የሚያነሳው ጥያቄ በእነዚህ ሁለት ታሪኮች መካከል የወደቀውን ነው። ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ በዚህ አገር የኖረ ሰው ለማን ታመነ? ታማኝነቱስ በገበያው፣ በጋብቻው፣ በጸሎቱ እንዴት ታየ? እስካሁን የተጻፈውን ሳየው የምደርስበት ሐሳብ አንድ ነው፤ «አርበኛ»፣ «ባንዳ»፣ «ስደተኛ» የምንላቸው ሦስት ክፍሎች የዘመኑን ሰው በሙሉ አይዙትም። ታማኝነት ከቦታ ቦታ፣ ከክረምት በጋ፣ ከወንድም ወንድም ይለያይ ነበር። ይህን ማለት ግን የዋጋውን ልዩነት መካድ አይሆንም።

ቅኝ ግዛት ወይስ ጦርነት?

የመጀመሪያው አለመስማማት ዘመኑን በምን ስም እንጥራው በሚለው ላይ ነው። የአገራችን ጸሐፊዎች አብዛኞቹ «ወረራ» ይሉታል፤ ባላገሩ እጁን ስላልሰጠ ኢትዮጵያ ቅኝ አልሆነችም ባዮች ናቸው። አልቤርቶ ስባኪን የመሳሰሉ የውጭ ታሪክ ጸሐፊዎች በበኩላቸው የጣሊያንን የአስተዳደር መዝገብ ይዘው አገረ ገዢዎቹን፣ የመሬትና የዘር ፖሊሲውን እንደ ማንኛውም ቅኝ ግዛት መርምረዋል። ባሕሩ ዘውዴ የጣሊያን አገዛዝ በአብዛኛው ከከተማ ያልዘለለ እንደነበር መጻፋቸው ሁለቱን ወገኖች ያቀራርባል። ለጎንደርም የሚስማማው ይኸው ነው፤ በከተማው ቅኝ ግዛት ነበር፣ በገደሉ ጦርነት። የአንዱን ሰው ጠባይ በሌላው ሚዛን የመዘነ ይሳሳታል።

ከአንቺም እስከ ሽሬ

የታማኝነቱ ነገር ከጣሊያን መምጣት በፊት የተቋጠረ ነው። የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት በማዕከላዊው መንግሥት ጦር ወድቀዋል። ግዛቱ ለራስ ካሣ ሲሰጥ የአካባቢው መኳንንት ብዙዎቹ ቅር አላቸው። ከእነዚህ አንዱ ደጃዝማች አያሌው ብሩ ናቸው። በአንቺም ከዘመዳቸው ከራስ ጉግሣ ይልቅ ከንጉሡ ጎን ቆመው ነበር፤ የጠበቁት ሹመት ግን አልመጣም። በጎንደር የነበረው የጣሊያን ቆንስላም ይህን ቅሬታ ለመንግሥቱ ጥቅም ሲከታተለው ቆይቷል።

ጦርነቱ ሲመጣ አያሌው በራስ እምሩ ሥር በሽሬ ግንባር ዘምተዋል፤ ከሽንፈቱ በኋላ ደግሞ ለጣሊያን ገብተዋል። «ከዳ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ለሰሜኑ መኳንንት «አገር» የሚለው ስምና «የሸዋ መንግሥት» የሚለው ስም ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ አያርፉም ነበር። ለአገሩ የሚሞት ለንጉሡ ላይሞት ይችላል። ይህ ልዩነት በባንዳው ብቻ አልታየም፤ ከአርበኞቹም መካከል ተስፋቸውን በልጅ ኢያሱ ልጆች ላይ የጣሉ ነበሩ። በጎንደር ምድር አርበኝነትና ለዘውዱ ማደር ተለያይተው ሊገኙ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ፒያሳና አራዳ

የጣሊያኑ የጦር አዛዥ አኪሌ ስታራቼ በመኪና የተጫነ ጦሩን ይዞ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ገና ከአገር አልወጡም፤ አዲስ አበባም የተያዘችው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ነው። ጣሊያን «የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት» ብሎ ካዋቀራቸው 6 ክፍለ ግዛቶች አንዱን «አማራ» ብሎ ሲሰይም ጎንደርን መናገሻው አደረጋት። ከፋሲል ግቢ ጋር የምትታወቀው፣ በድርቡሽ ቃጠሎና በመንግሥት መዞር የደኸየችው ከተማ እንደገና የሹማምንት መቀመጫ ሆነች። በመጀመሪያው አገረ ገዢ በፒርዚዮ ቢሮሊ ጊዜ መሐንዲሱ ጌራርዶ ቦዚዮ የከተማውን ፕላን አወጣ። የነጩ ሰፈርና የአገሬው ሰፈር እንዲለያይ የታሰበበት ፕላን ነው። ዛሬም ፒያሳ፣ አራዳ፣ አውቶ ፓርኮ እያልን ስንሄድ የምንረግጠው ያን መሥመር ነው።

ሕጉም ፕላኑን ተከተለ። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው የሮም ድንጋጌ ጣሊያናዊ ዜጋ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ደነገገ። ኑሮው ግን ሌላ ነበር። ወታደሩና ሾፌሩ የአገሬውን ሴት ይዘው ይኖራሉ፤ ልጅ ይወለዳል፤ በ1932 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ያንን ልጅ ከአባቱ ስም አገለለው። እንዲህ ያለችውን ሴት በየትኛው ወገን እናስቀምጣት? ከወታደሩ ጋር ትኖራለች፤ ልጇን ግን የወታደሩ መንግሥት አያውቀውም፣ ዘመዶቿም በሐሜት ዓይን ያዩታል። በአርበኛና በባንዳ ዝርዝር ውስጥ ለእሷ ዓምድ አልተሠራም።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። መንግሥቱ ሊሬ ይክፈል እንጂ ባላገሩ የሚያምነው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነበር፤ ጣሊያን ራሱ ብሩን በሮም እያስመታ ለማምጣት የተገደደው በዚህ ነው። በመንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ የጠረበ፣ በካምፕ ውሃ የቀዳ፣ ጤፍና ዶሮ ወደ ገበያ ያወጣ ሰው ደመወዙን ተቀብሎ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ከገንዘቡም ለአርበኛው ጥይት ይገዛለት ይሆናል። ለልጁ እህል ብቻ ገዝቶም ቢቀር የሚፈርድበት ማን ነው? በወረራ ሥር መኖር ሁሉ ወረራን መደገፍ ነው ከተባለ ከተማ የሚባል ነገር በሙሉ ባንዳ ሆነ ማለት ነው።

ገደሉ

አርማጭሆ ከጥንት ጀምሮ ከመንግሥት የተጣላ ሰው መሸሸጊያ ነው። ደጋው ገደል፣ ቆላው ወባ ነው፤ ከኋላ የሱዳን ወሰን አለ። ጠመንጃውም ጥይቱም ጨውም በዚያ በኩል ይገባል። በዚህ ምድር ስማቸው የገነነው ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ፣ በቅጽል ስማቸው አሞራው፣ የወራሪውን ጦር በደፈጣ ሲያስጨንቁ ቆይተዋል። በወልቃይትና በጠገዴ በኩል ደግሞ ኋላ ቢትወደድ የተባሉት አዳነ መኮንን ይጠቀሳሉ።

ሕዝቡ ለምን ሸፈተ? መልሱ በመጀመሪያው ዓመትና በሁለተኛው ዓመት አንድ አይደለም። በ1928 ክረምት ብዙ መኳንንት ገብተው፣ ብዙ ባላገር ዝም ብሎ እርሻውን ይዞ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ በኋላ ግን የጣሊያን እንደራሴ ግራዚያኒ የገባውንም ያልገባውንም መግደል ጀመረ። አዝማሪው፣ ጠንቋዩ፣ ባሕታዊው ሳይቀር «የጣሊያን መንግሥት ያልፋል ብሎ ያወራል» ተብሎ ተረሸነ። መሣሪያ አስረክቡ የሚለው ትእዛዝም በየቤቱ ገባ። በዚህ አገር ጠመንጃ የቤት አባወራነት ምልክት፣ የርስት ዋስ ነው፤ አስረክብ ማለት ከሰውነት ውጣ ከማለት አይለይም። ነሐሴ 1929 ጎጃም፣ በጌምድርና ላስታ አንድ ላይ የተነሡት በዚህ ምክንያት ነው። መገዛት ደህንነትን ካላስገኘ መሸፈት እብደት መሆኑ ይቀራል።

ሦስተኛው ምክንያት መሬት ነው። ጣሊያን በወገራ ሜዳ ከሮማኛ አውራጃ የሚመጡ ገበሬዎችን ለማስፈር «ሮማኛ ዲትዮጵያ» የሚባል ድርጅት አቁሞ ነበር። ኃይሌ ላሬቦ የጣሊያንን የመሬት ፖሊሲ በመረመሩበት መጽሐፍ እንደሚታየው ሕልሙ ከጥቂት ሰፋሪ አላለፈም፤ የአርበኛው ፍርሃት አላስቀምጥ አለው። ለወገራ ባለ ርስት ግን የሰፋሪው ቁጥር ማነሱ ቁም ነገር አልነበረም። የአያቱን መሬት የሚሰፍር ገመድ መምጣቱ በቂ ነው።

የዱሩን ኑሮ ማሳመር ግን አይገባም። አርበኛ የሚበላው የባላገሩን እህል ነው። ባላገሩ በአንድ ክረምት ለጣሊያን ሹም ግብር፣ ለአርበኛው ቀለብ ይከፍላል፤ አንዱን ካበላ በሌላው ይቃጠላል። አለቆቹም በድንበር፣ በሹመትና በደም ይጣላሉ። በ1933 መጀመሪያ እንግሊዞች ሜጀር ቤንቲንክን ወደ አርማጭሆ ሲልኩት ከገጠሙት ችግሮች አንዱ ራሳቸውን የቻሉትን አለቆች በአንድ ዕቅድ ማሰለፍ ነበር። አርበኛውም ዓመቱን ሙሉ ዱር አይኖርም። ሰኔ ሲገባ ሞፈር የሚጨብጥ፣ መኸሩን ከሰበሰበ በኋላ ጠመንጃ የሚያነሳ ብዙ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ስንቅ አዘጋጅ፣ መልእክተኛና ቁስለኛ አስታማሚ ሆነው የሁለቱን ወቅት ድልድይ ይሠራሉ።

ታቦትና መስጊድ

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሽነዋል፤ አቡነ ሚካኤልም ተከትሎ በገባው በ1929 በጎሬ በኩል ተገድለዋል። በሰሜኑ የነበሩት አቡነ አብርሃም ግን ለጣሊያን ገብተው በ1930 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆኑ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ከእስክንድርያ ተለየች ተባለ። ከእስክንድርያ መለየት ኋላ በነጻነት ዘመን ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የታገሉለት ጉዳይ መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ አንድ ሐሳብ በወራሪ እጅ ሲመጣ ክህደት፣ በራስ እጅ ሲመጣ ነጻነት ይሆናል። የጎንደር ካህን በነዚህ ሁለት ምሳሌዎች መካከል ነበር። ቅዳሴው አይቀርም፤ በቅዳሴው የሚጠራው የንጉሥና የጳጳስ ስም ግን የፖለቲካ ምስክርነት ሆነ።

ጣሊያን ራሱን የእስልምና ጠባቂ አድርጎ ያቀርብ ነበር፤ መስጊድ አሠራ፣ ዓረብኛን አበረታታ፣ ለሙስሊሙ ሹመት ከፈተ። በጎንደር የሙስሊሞች ሰፈር ለሆነው ለአዲስ ዓለም ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጀምሮ በተለየ ሰፈር እንዲኖር የተደረገ፣ በአጼ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን በግድ ክርስትና የተጫነበት ማኅበረሰብ ልጅ ነው። በአዲሱ ገዢ የተሻለ መብት ቢያይበት የሚያስደንቀው ምኑ ነው? ወቀሳ ከማውጣታችን በፊት ቀዳሚዎቹ መንግሥታት ለዚህ ሰው ምን ዓይነት አገር እንደሰጡት መጠየቅ አለብን። በአርበኞቹም ጎን የተሰለፉ ሙስሊሞች መኖራቸው «ሙስሊሙ እንዲህ፣ ክርስቲያኑ እንዲያ» የሚለውን ጅምላ ፍርድ ያፈርሰዋል።

የውስጥ አርበኛ

ከተማውንና ገደሉን የሚያገናኘው ሰው የውስጥ አርበኛው ነው። ቀን በጣሊያን ቢሮ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊ፣ የመጋዘን ጠባቂ ሆኖ ይውላል፤ ማታ የጦሩን መነሻ ቀን፣ የካሚዮኑን ብዛት፣ አንዳንዴም የጥይት ሳጥን ወደ ዱር ያሳልፋል። ባንዳውም እንዲሁ አንድ ወጥ አይደለም። በደመወዝ የገባ፣ በጎረቤቱ ላይ ደም ሊመልስ የገባ፣ ወንድሙ ዱር ስላለ ቤቱን ለማዳን የገባ አለ። ከኤርትራ የመጡ አስካሪዎችም ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ አርበኛው መኮብለላቸው ብዙ ጊዜ ተጽፏል።

ለቤተሰብ ደግሞ ይህ መከፋፈል አንዳንዴ መሰንበቻ ነው። አንዱ ወንድም ዱር፣ አንዱ ከሹሙ ዘንድ ከሆነ ማንም ያሸንፍ ማን ርስቱ የሚጠብቀው አያጣም። እንዲህ ያለውን ቤት «ከዳተኛ» ወይም «ጀግና» ማለት ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው። ችግሩ የውስጥ አርበኛነት በባሕርይው ማስረጃ የሌለው ሥራ መሆኑ ነው። የሠራው ሰው ጽሑፍ አይተውም፤ ያልሠራውም ኋላ «ሠርቻለሁ» ሊል ይችላል።

ከድል በኋላ የወጣው ሚዛን

ጎንደር የጣሊያን የመጨረሻዋ ይዞታ ነበረች። ጄኔራል ናዚ ከጣሊያንና ከቅኝ ግዛት ወታደር ጋር ወደ 40,000 የሚጠጋ ጦር ይዞ መሸገ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገብተው ወራት አልፈው እንኳ የጎንደር መከላከያ ምሽጎች ወልቅፊትና ቁልቋልበር ገና አልተያዙም። ወልቅፊት በመስከረም፣ ቁልቋልበር ኅዳር 12፣ ጎንደር ራሷ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ተያዙ። ከአጥቂዎቹ መካከል አርበኞች፣ የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ፤ «የወሎ ባንዳ» የሚባልና ለእንግሊዝ ያደረ ጦርም ነበረበት። ባንዳ የሚለው ስም ድል አድራጊው ሰልፍ ውስጥ መገኘቱ ብቻውን የመለያዎቹን ልልነት ያሳያል።

ሚዛኑ የጠነከረው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥት ለአርበኛው የአርበኝነት፣ ለስደተኛው የስደት ሜዳይ ሰጠ። በዱር ያሳለፈው ዘመን በዘንባባ ተቆጠረ፤ «ባለ አምስት ዘንባባ» የክብር ስም ሆነ። ደጅ ጠናው፣ መሬትና ሹመት ጠያቂው ሁሉ ያለፈውን ሕይወቱን ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ መጻፍ ነበረበት። ከዚህ የመነጨው ቁጭት ይታወቃል፤ ዱር የከረመው ተረስቶ ከውጭ የተመለሰው፣ ብሎም ከጣሊያን ጋር የሠራው ተሾመ የሚለው አቤቱታ ለአሥርት ዓመታት ተሰምቷል። ለጣሊያን የሠራው ፊደልና መዝገብ ስለሚያውቅ ለአስተዳደር ተፈለገ፤ የዱር አለቃ ግን ጦር ያለው ስለሆነ ተፈራ። የጎጃሙ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት መቀጣታቸው የዚህ ፍርሃት ጫፍ ነው።

የጽሑፉም ታሪክ ከዚሁ ሚዛን ወጣ። ስለ ጎንደር አርበኞች ቀደምት ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ የገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» ነው፤ በ1949 ዓ.ም. ታተመ። ዋጋው ትልቅ ነው፤ ስሞችንና የጦር ቦታዎችን ከመጥፋት አድኗል። ግን እንደ ዘመኑ ሁሉ የጀግናን ሥራ ለመመስከር የተጻፈ ነው፤ የጤፍ ዋጋን፣ ከወታደር ጋር የኖረችውን ሴት ወይም ሁለት ግብር የከፈለውን ገበሬ ለመመርመር አልተነሣም። ስልጠነ ሥዩም በጎጃም አርበኞች ላይ ያደረጉት ጥናትና የፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ ሥራዎች በአካባቢና በሴቶች በኩል በር ከፍተዋል። ለአርማጭሆ ግን ያን የሚያህል ሥራ ገና ይቀራል።

የሌላው ዓለም ተሞክሮ

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ሲለዩ ለንጉሡ የታመኑ ወደ 60,000 ሰዎች አገር ለቀው ተሰደዋል፤ ከሁለቱ ወገን ያልሆነው ሕዝብም ብዙ ነበር። ፈረንሳይ ከነጻነት በኋላ «ሁላችንም ተዋጋን» ስትል ኖራ በ1972 እ.ኤ.አ. የሮበርት ፓክስተን መጽሐፍ የቪሺ መንግሥት በፈቃዱ ከጀርመን ጋር እንደሠራ በሰነድ አሳየባት። በራሷ በጣሊያን ክላውዲዮ ፓቮኔ በ1991 እ.ኤ.አ. የፋሽስትና የፀረ ፋሽስቱን ትግል የእርስ በርስ ጦርነት ብሎ በመጥራቱ ክርክር አስነሣ።

ለጎንደር የበለጠ የሚረዳው የግሪኩ ተመራማሪ ስታቲስ ካሊቫስ በ2006 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ነው። በእርስ በርስ ጦርነት ሰው መጀመሪያ ወግኖ ከዚያ ወደ ወገኑ አይሄድም፤ አብዛኛው ቦታውን ለያዘው ኃይል ያድራል፤ ሰው እየተመረጠ የሚፈጸመው ጭካኔም የሚበዛው አንዱ ወገን በላይነት ይዞት ሌላው ግን አሁንም በሚደርስበት ቦታ ነው ይላል። ጎንደር ከተማ በአንድ በኩል፣ የአንገረብ ቆላ በሌላ በኩል ሲሆኑ፣ ከፍተኛውን መከራ ማግኘት ያለበት በመካከሉ ያለው ደጋ ጫፍ ነው ማለት ነው፤ የትክል ድንጋይ ዙሪያ ዓይነቱ። ሐሳቡ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ቦታውን የያዘ ኃይል እያለ የሸፈተውን፣ ቤቱ እንደሚቃጠል እያወቀ ለአርበኛው በር የከፈተውን ሰው አያስረዳም። እሱን ለማስረዳት ርስትን፣ ሃይማኖትን፣ ክብርንና ደምን መቁጠር ያስፈልጋል፤ እነዚህም በአርማጭሆ ርካሽ ነገሮች አልነበሩም።

የቀረው ሥራ

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። የአርበኛውን ስም ዝርዝር ከማብዛት ይልቅ የአንድን ደብር፣ የአንድን ገበያ፣ የአንድን ቤተሰብ አምስት ዓመት ከወር ወር መከተል ያስፈልጋል፤ ማን መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ምን ከፈለ። ለዚህ የሚሆን ምንጭ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የርስት ሙግት ፋይል፣ ከድል በኋላ ለሜዳይና ለመሬት የቀረበው ማመልከቻ፣ በሮም ያለው የአስተዳደር ሰነድ። ዘመኑን በዓይኑ ያየ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ከእነሱ የሰሙት ልጆች ግን አሉ፣ እነሱም እያረጁ ነው። ለዚህ ሥራ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይበልጥ የሚቀርብ ተቋም የለም።

«ባንዳ» የሚለው ቃል ዛሬም በአገራችን ለማንኛውም የፖለቲካ ተቃዋሚ የሚወረወር ስድብ ሆኗል። ታሪኩን በዝርዝር ያወቀ ሰው ቃሉን ለመወርወር ይቸኩላል ብዬ አላምንም። የጀግናውም ክብር በዚህ አይቀንስም። መውጫ ያጣ ሰው ሲሸፍት ምርጫው ቀላል ነው፤ መግባት የሚቻልበት በር ተከፍቶለት፣ ጎረቤቱም ገብቶ፣ ደመወዝም ቀርቦለት እያለ አልገባም ያለውን ሰው ዋጋ ማወቅ የምንችለው የገባውን ሰው ሁኔታ በእውነት ስንጽፍ ነው።